ከሣጥኑ የወጣው ዜማ

ሻደይ በገባ በማግሥቱ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እስከዳር ሰቆጣ መናኸሪያው አጠገብ ከጓደኞቿ ጋር እየጨፈረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሰው ዓመት ጠብቆ፣ ጸጉሩን ተሠርቶ፣ ወገቡ ላይ ለምለሙን የሻደይ ቅጠል አስሮ ሲጨፍር ስልክ መደወል በሕግ መከልከል ነበረበት። ደዋይዋ ግን እናቷ ዓለምብርሃን ነበረች፤ ዓለምብርሃን ደግሞ ያለ ነገር ካርድ የምታቃጥል ሴት አይደለችም። እስከዳር ከክቡ ወጣ ብላ አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና አነሳችው።

«እማየ፣ ደኅና ናችሁ?»

«ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽ ‹ሦስተኛውን ጨርሻለሁ፤ አራተኛው ላይ ያለው ቃል ግን አልጣመኝምና ትርጓሜውን ጠይቂልኝ› ይላል።»

«የምኑን ሦስተኛ?»

«የሣጥኑን ነዋ!»

ሣጥኑን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እስከዳር የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። እሷና ሁለት ባልደረቦቿ ኢንተርኔት ለማይደርስባቸው የዋግ ትምህርት ቤቶች ትንንሽ ኮምፒውተሮች ያዘጋጃሉ፤ ከጫማ ካርቶን የማይበልጡ፣ በሶላር የሚሠሩ፣ መቅጃና ድምፅ ማጉያ ያላቸው። ፃግብጂ አለ፣ ኒሯቅ አለ፣ የዋጉ ዝቋላም አለ። ሰው ሁሉ «ሣጥኑ» እያለ ይጠራዋል። ሣጥኑ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ኮንቴይነር በሚባል የየራሱ ክፍል ይኖራል፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ፣ ከጎረቤቱ ሳይነካካ፣ በሩን ዘግቶ። ክፍሉ ሲያረጅ ማንም አይጠግነውም። ያፈርሱትና በደቂቃ ውስጥ አዲስ ይሠሩለታል። በዚህም ምክንያት እንዳይጠፋ የሚፈለግ ነገር ክፍሉ ውስጥ አይቀመጥም፤ ከክፍሉ ውጭ፣ ራሱ ሣጥኑ ላይ ባለ ፎልደር ነው የሚቀመጠው። ውስጡ ፈራሽ ነው፣ ውጭው ነዋሪ። ክፍሎቹን የሚያስተዳድረው ዶከር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ የሚታዘዘውም በማውስ እየተጫኑ ሳይሆን፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዳንድ መስመር ትእዛዝ እየጻፉ ነው።

የዝቋላው ሣጥን ያለው እዚያው የእስከዳር አባት ዘንድ፣ በኪዳነ ምሕረት የአብነት ትምህርት ቤት ነው። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ዜማ አስተምረዋል። ድምፃቸውን የሰማ ሰው፣ አህያ እየነዳ ገበያ የሚሄድ እንኳ ቢሆን፣ ቅጥሩ ሥር ቆም ሳይል አያልፍም ነበር። ባለፈው ግንቦት ግን ጉሮሯቸውን ታመሙ። በቀዶ ሕክምና እብጠት ወጣላቸው፣ ነፍሳቸውም ተረፈች፤ ሐኪሙ «መናገር ይችላሉ፣ ዜማው ግን ይብቃዎ» አላቸው። ዛሬ ሲያወሩ ድምፃቸው እንደ ደረቅ የማሽላ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ደግነቱ ከጥር እስከ ግንቦት ድረስ የዓመቱን በዓላት ዜማ፣ አርባ ሦስቱንም፣ ሣጥኑ ላይ ቀድተው ጨርሰዋል። አሁን የሚያስተምሩትም እንደዚህ ነው፤ ሣጥኑ ያዜማል፣ እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ተማሪው ሲሳሳት መሬቱን መታ ያደርጋሉ። ያ ድምፅ ከዚያ ሣጥን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም።

ሣጥኑን የሚጠብቀው ኤርምያስ የሚባል የመንደሩ መምህር ነው። ለበዓሉ ቤተሰቦቹ ዘንድ ኒሯቅ ሲሄድ፣ ከሰቆጣ የተላከለትን አዲስ ፕሮግራም በፍላሽ፣ ስምንት መስመር መመሪያውን በወረቀት ትቶ ሄደ፤ ሲመለስ ሊሠራው ነው። አዲሱ ፕሮግራም ድምፅ ያጠራል የሚል ወሬ ሰምተው የነበሩት መሪጌታ ግን «ስምንት መስመር ማንበብ አቅቶኝ ነው የምጠብቀው?» አሉና ጀመሩት። መመሪያውን የጻፈችው እስከዳር ናት። ሦስተኛው መስመር «አቁም» ይላል። አራተኛው «አስወግድ» ይላል።

«‹ማንን ነው የማስወግደው?› ይላል አባትሽ» አለች ዓለምብርሃን።

«አሮጌውን ክፍል ነው። አይስጉ በያቸው እማየ፣ ቅጂዎቹ ውጭ ናቸው።»

እዚህ ላይ የወሬውን መንገድ ማወቅ ያሻል። በዚያ ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አጠገብ ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ሣጥኑ ያለበት ቤት ከድንጋዩ ሃያ እርምጃ ይርቃል። የመሪጌታ ድምፅ ዛሬ ሃያ እርምጃ አይሻገርም፤ የዓለምብርሃን ግን ወንዝ ይሻገራል። ስለዚህ እሷ ከድንጋዩ ላይ ሆና ትእዛዙን ወደ ቤቱ መስኮት ትጮኻለች፣ መልሱን ለመቀበል ደግሞ መስኮቱ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። እስከዳር ጫማዋ ጠጠሩን ሲያንኮሻኩሸው በስልኩ ትሰማለች።

እርምጃው ተመለሰ።

«‹የምን ውጭ? እኔ ውጭ ያስቀመጥሁት ነገር የለም› ይላል።»

እስከዳር ክው አለች። ከኋላዋ ከበሮው ይመታል፣ ልጃገረዶቹ ያሸበሽባሉ፤ እሷ ግን ጆሮዋ ውስጥ ከእናቷ ቃል በቀር ምንም የለም።

«እማየ! እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ ያንሱ በያቸው! አሁኑኑ!»

«እጅህን አንሣ!» ብላ ጮኸች ዓለምብርሃን፣ አንድ ሠራዊት የምታስማርክ ይመስል።

የመቅጃውን ፕሮግራም የሠራችው ራሷ እስከዳር ናት። ቀረጻ ሲያልቅ ሁለት ቁልፍ ይመጣል፤ አንዱ «ውስጥ» ይላል፣ አንዱ «ውጭ» ይላል። «ውስጥ» ለሙከራ ነው፣ ነገ ቢጠፋ ለማይቆጭ። «ውጭ» ለሚቀመጥ ነው። ለእሷ ይህ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። አሁን ግን መናኸሪያው አጠገብ ቆማ አባቷ አርባ ሦስት ጊዜ ሁለቱን ቃላት ሲመለከቱ ታዩዋት። ውጭ ማለት ደጅ ነው፣ ዝናብና ውሻ ያለበት። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቅኔ ማኅሌቱ ለሁሉ ነው፣ ቅድስቱ ከእሱ ይከብራል፣ ከሁሉ የከበረው ግን ከሁሉ ውስጥ ነው። እንዴት ያለ የዜማ መምህር ነው «ውጭ» የሚለውን የሚጫነው? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ! በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ያደገች ልጅ ይህን ማሰብ ያቅታት?

«‹ንዋየ ቅድሳት ደጅ ያድራል እንዴ? ውስጥ አኑሬዋለሁ፣ ሁሉንም› ይላል» አለች እናቷ፣ ልክ እንደገመተችው።

«አይቆጡ በያቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ‹አቁም› የሚለውን ብቻ ነው የጻፉት? አራተኛውን አልነኩትም?»

«አልነካም። ቃሉ አልጣመኝም እያለሽ!»

ቢሆንም የእስከዳር ጭንቀት አልበረደም። የቆመ ክፍል እንደ ተኛ ሰው ነው፣ ቀስቅሰው ያስነሡታል። ነገር ግን አንድ ክፉ ልማድ አለባት። ሙከራ ላይ ስትሆን ክፍል ስታስነሣ «ስትቆም ጥፋ» የምትል አንዲት ቃል ትጨምርበታለች፣ ኋላ የማጽዳት ሥራ እንዳይኖርባት። የዝቋላውን ያስነሣችው በጥር ነው፣ ለጥምቀት መጥታ፣ እናቷ «ነይ ብዪ እንጂ» እያለች ስትጎተጉታት፣ በጥድፊያ። ያችን ቃል ጽፋ ነበር? አልጻፈችም? ብታስብ ብታስብ አልመጣላት አለ። ጽፋ ከሆነ ዜማው ጠፍቷል፤ አባቷ «አቁም» ብለው የጻፉ ጊዜ አብሮ ጠፍቷል።

«እማየ፣ እንዲህ በያቸው። ዶከር፣ ፒ፣ ኤስ። ያሉትን ክፍሎች ስም ይዘረዝርልናል።»

«ዶከር ፒ ኤስ!» አለች ዓለምብርሃን። ከሃምሳ ዓመት የአብነት ትምህርት ቤት ጎረቤትነት በኋላ እሷም በጆሮዋ የገባውን ቃል አትጥልም።

እርምጃው ሄደ። እርምጃው ተመለሰ።

«‹ባዶ ነው› ይላል።»

እስከዳር እመሬቱ ላይ፣ ከነሻደይዋ፣ ከአንድ ጫማ ጠራጊ ወንበር አጠገብ ዘጭ አለች። ከበሮ መቺዋ ሰገነት የልብ ጓደኛዋ ናት፤ አይታት ከበሮውን አቆመች። ጭፈራው ተቋረጠ። ልጃገረዶቹ መጥተው ከበቧት።

«ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?»

«አባየ...» አለች። ሰው አልሞተም እንዴት ትበል? ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው የሞተው። እንባዋ መጣ፣ ኩሏን ይዞ ወረደ።

ነገር ግን እንባው መሀል ላይ ዓይኗ ፍጥጥ አለ። በድንጋጤ ምን ያህል ደንቁራለች! ፒ ኤስ ብቻውን ሲሆን የሚቆጥረው በሥራ ላይ ያሉትን ነው እንጂ የቆሙትን አይደለም። የቆሙትንም ለማየት «ኤ» ትጨመራለች። ይህን ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ያውቀዋል።

«እማየ! ቆይ፣ አንዴ! ፒ ኤስ፣ ከዚያ ቀጥሎ...»

«‹ኤ ጨመርሁበት› ይላል» አለች ዓለምብርሃን፣ ከመስኮቱ እየተመለሰች ኖሮ። «‹የቆመ እንጂ የጠፋ አይመስለኝም ብዬ ኤ ጨመርሁበት። አለ። ዜማ የሚል ስም ተጽፏል፤ ቆሟል ይላል› ይላል።»

«አለ?»

«አለ!»

እስከዳር ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሥታ ጫማ ጠራጊውን አቀፈችው። ሰውየው የማያውቃት ቢሆንም በዓል ነውና ምንም አላለም። ለጓደኞቿ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገሩን አስረዳቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ጭፈራ አልተመለሰም፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍተው ቀሩ። «ኤ»ን አባቷ ከየት እንዳመጧት መጠየቅ ነበረባት፤ ደስታው አስረሳት።

ክፍሉን መልሰው አስነሡት። ይህ ቀላል ነበር።

«አሁን ክፍሉ ውስጥ ገብተን በዓይናችን እናያለን» አለች እስከዳር። «እማየ፣ የምለውን በደንብ ስሚኝ። ዶከር ኤግዜክ ማለት ‹ክፍሉ ውስጥ ገብተህ ይህን ፈጽምልኝ› ማለት ነው። አጻጻፉ፣ ኢ...»

«‹ጻፍሁት› ይላል።»

«እንዴ! ገና መች ነገርሁሽ?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች ዓለምብርሃን፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን የታፈነ ሳቅ ነበር። ወዲያው ደግሞ፦ «ቆይ፣ እየጠራኝ ነው።» ሄዳ ስትመለስ ሳቁ የለም። «‹ኮንቴይነር የለም› ብሎ መለሰልኝ ይላል።»

ልጃገረዶቹ «ወየው!» አሉ በአንድ ድምፅ። እስከዳር ግን አሁን ነቅታለች። አሁን ያዩት ክፍል አሁን የለም አይባልም።

«የጻፉትን አንድ በአንድ ያንብቡልኝ በያቸው። ፊደል በፊደል።»

ይህን በሌላ ቦታ ለሌላ ሽማግሌ ብትለው ስልክ ይዘጋባት ነበር። የዜማ መምህር ግን ፊደል በፊደል መመለስን ከጥንትም ያውቃል። እናቷ ሄደች መጣች፣ ሄደች መጣች። አምስተኛው ላይ እስከዳር አገኘችው።

«ከ‹አይ ቲ› በፊት ሰረዝ አለች?»

«‹ሰረዝ? የኤዋን አውቃታለሁ፤ ይህችኛዋ የብዕር ጭረት መስላኝ ነበር› ይላል።»

«የምን ብዕር? የቱ ወረቀት ላይ?»

«‹ሰረዟን ጨመርሁ። ተከፈተ› ይላል!»

መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ክፍሉ ውስጥ ያለውን የስም ዝርዝር ያነቡ ጀመር፣ ዓለምብርሃንም ቃለ ጽሕፈት እንደምትሰጥ ሁሉ ከመስኮቱ እስከ ድንጋዩ እየተሸከመች አመጣችው። የልደት። የጥምቀት። የሆሳዕና። የፍልሰታ። ሰገነት በጣቷ ትቆጥራለች። አርባ ሦስት ሞላ።

«ይኸው፣ ሙሉ ነው!» አለች እስከዳር።

«አንድ ይቀራል» አለች እናቷ። «አርባ አራተኛ አለ። ስሙ እስከዳር ይላል።»

«ምን ይላል?»

«እስከዳር። ያንቺው ስም። ቆይ... ‹እሱ የራሴ ጉዳይ ነው፤ እለፊው› ይላል።»

አለፈችው፣ ግን ልቧ እዚያው ቀረ። አባቷ ስለ ሥራዋ አንድ ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። ሰው «ልጅዎ ምን ትሠራለች?» ሲላቸው «ሰቆጣ ናት» ብለው ወሬ ይለውጣሉ፤ እሷም ከልጅነት እስከ ዕውቀት የተማረችው እሳቸው ዘንድ እንደ ትምህርት እንደማይቆጠር ገምታ፣ ቅር እያላት፣ ዝም ብላ ኖራለች። ታዲያ በስሟ የሚቀዱት ነገር ምን ሊሆን ነው? ተግሣጽ?

«አሁን ወደ ውጭ እናወጣቸዋለን። ውጭ ካልወጡ አራተኛውን መጻፍ አይቻልም። እዚህ ቤት የሚፈርሰው ውስጡ ነው በያቸው፣ ደጁ ነው የሚኖረው።»

የዚህን ጊዜ እርምጃው ሄዶ ቶሎ አልተመለሰም። ሰገነት «ኔትወርክ ሄደ?» አለች። አልሄደም። ሽማግሌው እያሰቡ ነበር። አርባ ሦስት ጊዜ በእምነት ውስጥ ያኖሩትን ነገር አውጥቶ ደጅ ማስቀመጥ፣ ለዚያውም በልጅ ቃል፣ ለሊቅ ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ ዓለምብርሃን መጣች።

«‹በጄ› ይላል። ‹ታቦት እንኳ ቀኑ ሲደርስ ይወጣል። ነገር ግን የሚወጣ ነገር እንደ ወጉ ይውጣ፤ ዝም ብሎ እንደ ሌባ ዕቃ በጓሮ አይወጣም› ይላል። እንዴት ላድርገው ልጄ? እዚህ እኔና አንድ ፍየል ነን ያለነው።»

እስከዳር ቀና ስትል ዙሪያዋን አሥራ አራት ልጃገረድ፣ አንድ ከበሮና አንድ ጫማ ጠራጊ ቆመዋል።

«እማየ፣ ስልኩን ወደ መስኮቱ አቅጣጫ ከፍ አድርገሽ ያዢው። አባየን ‹ሲፒ› የሚለውን የመገልበጫ ትእዛዝ ጽፈው ጣታቸውን ‹ኢንተር› ቁልፉ ላይ አድርገው ይጠብቁ በያቸው።» የት ወደ የት እንደሚገለበጥ ነገረቻት፤ እናቷም ሳትገድፍ አደረሰች። ከዚያ እስከዳር ስልኩን ከራሷ በላይ አነሣችና «በሉ!» አለች።

ሰገነት ከበሮውን መታችው። አሥራ አራቱ እልል አሉ። የመናኸሪያው ሻይ ቤት ሴቶች ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልልታውን ተቀበሉ፣ አንድ የሚኒባስ ሾፌርም ጥሩምባውን ነፋ። ከስልኩ ማዶ ዓለምብርሃን ብቻዋን ድንጋዩ ላይ ሆና የዝቋላን ገደል የሚያስተጋባ እልልታ ለቀቀች። መሪጌታም ጣታቸውን ጫኑት፤ ዜማው ታጅቦ ወጣ። ሣጥኑ ዘገምተኛ ነውና ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ እልልታው ግን ሦስት ደቂቃ ሙሉ አልተቋረጠም። እኔ ሻደይ ስንቱን አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ያለ እልልታ ግን አልሰማሁም የሚል ሰው እስከ ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ አይጠፋም።

ውጭ ያለው ፎልደር ተቆጠረ። አርባ አራት።

«አሁን» አለች እስከዳር፣ ላቧን እየጠረገች፣ «አራተኛውን ይጻፉት።»

«‹አስወገድሁት› ይላል። ‹ደግሞ እኮ ሲያዩት ቀላል ነው› ይላል። አምስተኛውንም፣ ስድስተኛውንም ጨረሰ። ጉድ ነው ዛሬ፣ ማን ያቆመዋል!»

አዲሱ ክፍል ተነሣ። እስከዳር አዲሱን ፕሮግራም ስትሠራ አንድ ነገር ጨምራለት ነበር፤ ሥራ ሲጀምር መጨረሻ የተቀዳውን ድምፅ በድምፅ ማጉያው ያሰማል፣ መምህሩ መሥራቱን እንዲያውቅ። ይህን ጨምራ ረስታው ነበር። መሪጌታ ደግሞ ጭራሽ አያውቁም። መጨረሻ የተቀዳው፣ አርባ አራተኛው ነው።

ከስልኩ ውስጥ፣ ከሃያ እርምጃ ርቀት፣ ያ ድምፅ መጣ። ያልታመመው። ሙሉው፣ ጥልቁ፣ ቅጥሩን ሞልቶ የሚተርፈው። ሰገነት አፏን በእጇ ያዘች። እስከዳር ድምፁን ከሰማች ሦስት ወር ሆኗታል።

ዜማው አራራይ ነው፣ የሚያራራው። ቃሉ ግን...

«ዶከር ፒ ኤስ...» ብለው ያዜማሉ መሪጌታ፣ «ኤስ»ን አንሥተው፣ አንከባልለው፣ ቀስ አድርገው እያወረዱ። «ዶከር ፒ ኤስ፣ ሰረዝ፣ ኤ...» ይደግማሉ። ቀጥለው «ዶከር ኤግዜክ፣ አይ ቲ...»፣ እንደ ትልቅ በዓል ዋዜማ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዱንም ፊደል ሳይረግጡ። ትእዛዙን ሁሉ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ በአንድ።

ልጃገረዶቹ በሳቅ ፈነዱ። እስከዳርም ሳቀች፣ ወዲያው ግን ሳቁ ሌላ ነገር ሆነባት። የምታለቅሰውን ለመደበቅም አልሞከረችም።

«እማየ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ለፋሲካ መጥተሽ የረሳሽው ደብተር ትዝ ይልሻል?» አለች ዓለምብርሃን፣ ያፈነችውን ሁሉ አሁን እየሳቀች። «የኮምፒውተሩን ትእዛዝ የጻፍሽበት። ጉሮሮውን ሳይታመም በፊት አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ ሲያጠና ከረመ። እንደ ቃል ትምህርት እየደጋገመ፣ ኋላ ‹ያለ ዜማ አልያዝ አለኝ› አለና ዜማ አወጣለት። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው እንጂ!» ቀጥላ በኽምጣና አንድ ነገር ጨመረች፤ በዚያ ቤት ልብ ሲሞላ የሚመጣው ቋንቋ እሱ ነው። እብድ ሽማግሌ እወዳለሁ እንደ ማለት ነው።

«ለምን አልነገሩኝም? ለምን አልጠየቁኝም?»

እርምጃው ሄደ። እርምጃው ተመለሰ፣ ቀስ ብሎ።

«‹ልጄ የተማረችውን ሳልማር ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? ያልያዘ ተማሪ አፉን አይከፍትም› ይላል። ‹ሰው ምን ትሠራለች ሲለኝ የምመልሰው አጥቼ አፍር ነበር፤ አሁን መልስ አለኝ› ይላል።» ዓለምብርሃን ትንፋሽ ወሰደች። «ደግሞ ‹ከሰማችው ዘንድ እርማት ካለው ትንገረኝ› ይላል።»

እስከዳር «ምንም እርማት የለውም» ልትል ከንፈሯን አላቀቀች። ከዚያ ተወችው። በአባቷ ጉባኤ ለፍቅር ብሎ ስሕተት የሚያሳልፍ መምህር የለም፤ እንዲያ ያለውን ይንቁታል እንጂ አይወዱትም። እርማት የሚሰጠው ለሚከበር ተማሪ ነው።

«አንድ አለው በያቸው። ያው ሰረዟ ናት። ከ‹አይ ቲ› በፊት ሰረዝ ጎድላለች።»

እናቷ ሄዳ አደረሰች። ቀጥሎ መቋሚያ መሬቱን መታ ሲያደርግ ተሰማ፣ አንዴ ብቻ። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ራሳቸውን ማረማቸው ነበር። ወዲያው የድምፅ ማጉያው ኮሽ አለ፤ መቅጃውን ከፍተውታል። አሁን የመጣው የዛሬው ድምፃቸው ነው፣ ሻካራው፣ ሐኪም ዜማ የከለከለው። አላዜሙም። ተራ ንግግር አድርገው፣ ቀስ እያሉ፣ ሰረዟን በቦታዋ አስገብተው ትእዛዙን ከመጀመሪያው ደገሙት። መናኸሪያው አጠገብ አሥራ አራት ልጃገረድ ትንፋሹን ውጦ ሰማቸው።

«ልክ ነው» አለች እስከዳር። «ልክ ነው አባየ።» ስልኩ እንደማያደርስላት ረስታ በቀጥታ ለእሳቸው ነበር የተናገረችው።

«አደርስልሻለሁ» አለች እናቷ። ሄዳም ተመለሰች። «‹ይህኛው ድምፅ ዋጋ ባይኖረውም እርማቱ ስላለበት አኑሬዋለሁ› ይላል።»

«የት አኖሩት?»

«‹ውጭ› ይላል።»

ሰገነት ከኋላ ሆና «ዶከር ኤግዜክ፣ ሰረዝ፣ አይ ቲ...» እያለች ማዜም ጀምራለች፣ ሌሎቹም እየተቀበሏት ነው፤ ትርጉሙን አንዳቸውም አያውቁትም፣ ለጭፈራ ግን የተሠራ ይመስል ገጠመ። እስከዳር ኩል የፈሰሰበትን ጉንጯን በነጠላዋ ጠረገችና ወገቧ ላይ የላላውን ሻደይ መልሳ አጠበቀችው። ከዚያ ስልኩን ከነእናቷ ለጫማ ጠራጊው አስይዛ፣ ከሰገነት ከበሮውን ተቀበለቻት።